የተልባ አበባ ያለበት የሠርግ ጥሪ

ሁለቱ ወደ ማተሚያ ቤታችን የመጡት በጥር መጨረሻ ነው። መንገድ ዳር የተቆለለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ማተሚያ ቤቱ ቦስተን አጠገብ ያለ ትንሽ ቤት ነው። እኔ የምሠራው ንድፉን ነው። ከደንበኞቻችን የሚበዛው ሐበሻ ነው፤ የሠርግ ጥሪ፣ የክርስትና ካርድ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ ያሠራል። እነዚህ ግን በሌላ መንገድ ነው የመጡት። ሙሽሪት ነርስ ናት። አብራት የምትሠራ አንዲት የኛ ልጅ የራሷን ካርድ እኛ ጋ አሠርታ ነበር። «እዚያ ሂዱ፣ ቁጭ ብለው ያዋሯችኋል» ያለቻቸው እሷ ነች።

ሁለቱም የተወለዱት አሜሪካ ነው። የዘር ሐረጋቸው ግን ከአየርላንድ ይመዘዛል። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሙሽሪትና ሙሽራው እያልኩ እቀጥላለሁ። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ሙሽሪት ስልኳን አውጥታ ከኢንተርኔት ያገኘችውን ናሙና አሳየችኝ። ካርዱ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። በአራቱም ማዕዘን አራት ቅጠል ያለው ሣር አለ። መሐል ላይ በገና። ከበገናው ሥር ሁለት እጆች ልብ ይዘው፣ ልቡ ላይ ዘውድ። ዙሪያውን የተጠላለፈ ሐረግ። ከታች የድንጋይ መስቀል። «አይሪሽ መሆናችን እንዲታይ ነው የምንፈልገው» አለችኝ።

ሐሳቧ ወዲያው ገባኝ። የኛም ልጆች ሲመጡ እንዲሁ ነው። ላሊበላም፣ ጀበናም፣ መሶብም፣ ባንዲራውም አንድ ካርድ ላይ ይግቡ ይላሉ። ፍላጎቱን አልንቅም። ከአገር ርቆ የሚያገባ ሰው የመጣበት እንዲታወቅለት ይፈልጋል። ግን እንዲህ ያለ ካርድ የሚናገረው ስለ አገሩ ብቻ ነው። ስለ ሙሽሮቹ ምንም አይነግርህም። ስሙን ቀይረህ ለሌላ ሰው ብትሰጠው ያው ነው።

ስለዚህ ለኛ ልጆች የማቀርበውን ጥያቄ ለነሱም አቀረብኩ። «አያቶቻችሁ ከየት ናቸው? አገሩን አይደለም፤ መንደሩን።»

ሙሽሪት «ማዮ» አለች፤ በደሴቲቱ ምዕራብ ያለ አውራጃ ነው። መንደሩን ግን አላወቀችውም። ሙሽራው ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «የኔ አያት ከአንትሪም ነው። ሰሜን» አለ። ሙሽሪት ዞር ብላ አየችው። በዚያ ቀን ነገሩ እስከ ምን እንደሚሄድ አልገባኝም ነበር። የቤት ሥራ ሰጥቼ ላክኋቸው። ከቤተሰቡ በሕይወት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ደውለው እንዲጠይቁ። ከዚያ አንድ ቦታ፣ አንድ ዕቃና በቤት ውስጥ ይባል የነበረ አንድ ንግግር ይዘው እንዲመጡ።

እኔም በበኩሌ አነበብኩ። የማላውቀውን ምልክት ማተም አልወድም።

መጀመሪያ ሣሩ። አየርላንድ የምትታወቅበት ሻምሮክ ሦስት ቅጠል ነው ያለው። እኛ ማገጥ የምንለው ሣር ዘመድ ነው። ቅዱስ ፓትሪክ ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምር ይህን ሣር ይዞ «ሦስት ናቸው፣ ግንዱ ግን አንድ» ብሏል የሚል ትውፊት አለ። አራት ቅጠል ያለው ሌላ ነገር ነው። እሱን ያገኘ ሰው ይቀናዋል ይባላል፤ የዕድል ምልክት ነው። ሱቆች ሁለቱን እያቀላቀሉ ይሸጣሉ። ሃይማኖት ለምታጠብቅ አክስት አራት ቅጠሉን ብትልክላት ግን ወዲያው ታየዋለች።

ከዚያ በገናው። የአየርላንድ መንግሥት ዓርማ ነው፤ ፓስፖርቱም ላይ፣ ሳንቲሙም ላይ አለ። ነገር ግን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ በ1876 በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦት ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከ1922 ጀምሮ አዲሱ መንግሥት ያንኑ በገና ዓርማው ሲያደርግ ፊቱን ወደ ሌላው ጎን አዞረው። ናሙናውን መልሼ አየሁት። የተሣለው የቢራው በገና ነው።

ልብ የያዙት እጆች ክላዳ ይባላሉ። ክላዳ ከጎልዌይ ከተማ ጎን የነበረ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። እጆቹ ወዳጅነት፣ ልቡ ፍቅር፣ ዘውዱ ታማኝነት ነው። ሙሽሪት ያን ቀለበት ጣቷ ላይ አድርጋዋለች፤ የሟች አያቷ ነው። ለኔ ይህ ጉዳዩን ዘጋው። እጇ ላይ እውነተኛው እያለ ወረቀት ላይ ሥዕሉን ምን ያደርጋል?

ሙሽራው በቤተሰቡ ስም የወጣ ጋሻና ዓርማም ከአንድ ሱቅ ገዝቶ ነበር። እሱን በቀስታ አስጣልኩት። እንዲህ ያለ ዓርማ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ወደ ልጆቹ የሚወርድ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያለው ሁሉ የሚካፈለው አይደለም።

በሁለተኛው ሳምንት ሲመጡ ሙሽሪት ዓይኗ ያበራል። የ1911 የአየርላንድ ሕዝብ ቆጠራ ቅጾች በነፃ ኢንተርኔት ላይ አሉ። የየቤቱ አባወራ የሞላው ቅጽ፣ የእጅ ጽሑፉ እንዳለ ይታያል። የአያቷን አባት ቤት አገኘችው። በዚያ ዓመት ገና ሕፃን ናቸው። መንደራቸውም ተጽፏል።

ቅጹ ላይ «ቋንቋ» የሚል ዓምድ አለ። በአባትየውና በእናትየው መስመር «አይሪሽና እንግሊዝኛ» ተብሎ ተሞልቷል። በልጆቹ መስመር ምንም የለም። ባዶ ነው። በዚያ ዘመን አይሪሽ የማይችል ሰው ዓምዱ ባዶ ይተውለት ነበር። ሙሽሪት ያን ባዶ ቦታ በጣቷ እያሳየችኝ «እዚህ ጋ ነው የጠፋው» አለች። ቋንቋው ማለቷ ነው።

ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ ያለዚያ ባዶው ቦታ ክብደቱ አይታወቅም። ከ1845 ጀምሮ ለዓመታት ድንቹን በሽታ መታው። የድሃው ምግብ ድንች ነበር። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ማዮ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ናት። የሞተውና የተሰደደው ከሌላው ይልቅ አይሪሽ የሚናገረው ድሃ ነው። የቀረውም ልጄ አሜሪካ መሄዱ አይቀርም ብሎ እንግሊዝኛ አስተማረው። ቋንቋው በሁለት ትውልድ ከቤት ወጣ። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው የአገሪቱ ቋንቋ ነው፤ በየቀኑ በቤቱ የሚናገረው ግን ጥቂት ሰው ነው። ልጆቹ እየሰሙት የማይመልሱበትን አማርኛ በየቤቱ የሚያይ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሙሽራው በበኩሉ ከአያቱ ጋር በስልክ አውርቷል። አያትየው ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ናሙናውን ልኮላቸው ነበር። የመለሱለት አጭር ነው። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ አረንጓዴ የኛ ቤት አይደለም።»

ሰውየው ፕሬስቢቴሪያን ናቸው፤ ከፕሮቴስታንቱ ወገን ማለት ነው። ቅድመ አያቶቻቸው በ1600ዎቹ ከስኮትላንድ ተሻግረው ሰሜኑ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ደሴቲቱ በ1921 ስትከፈል የሳቸው አውራጃ ከብሪታኒያ ጋር ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ እስከ 1998ቱ የሰላም ስምምነት ድረስ የፈሰሰውን ደም ብዙ አንባቢ ሰምቷል። በዚያ አገር አረንጓዴና ብርቱካናማ ዝም ብለው ቀለም አይደሉም። አረንጓዴው የካቶሊኩና የነፃነት ፈላጊው ነው። ብርቱካናማው የፕሮቴስታንቱና ከብሪታኒያ ጋር መቆየት የሚሻው።

ሙሽሪት አንድ ሐሳብ አመጣች። «የባንዲራውን ሦስት ቀለም እናድርጋ! ነጩ በሁለቱ መሐል ያለ ሰላም ነው ይባላል።» ትክክል ናት። ባንዲራው በ1848 ሲወጣ የተባለው ይኸው ነው። ሐሳቡ ያምራል። ግን ያ ባንዲራ ዛሬ ከብሪታኒያ የተለየው የደቡቡ ሪፐብሊክ ባንዲራ ነው፤ አያትየው ያደጉት ከድንበሩ ወዲያ ነው። ዕርቁን የሚያውጅ ካርድ በዕርቁ ያልተጠየቀ ሰው ቤት ሲገባ ደስ አይልም።

እኔ ሳነብ አንድ የሚገርም ነገር አግኝቼ ነበር። በ1791 በሰሜኑ ትልቅ ከተማ በቤልፋስት ውስጥ የተባበሩት አየርላንዳውያን የተባለውን ማኅበር ከመሠረቱት ብዙዎቹ ፕሬስቢቴሪያን ናቸው። አረንጓዴውን የነፃነት ቀለም በማድረግ ረገድም ይህ ማኅበር ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሙሽራው ለአያቱ ልንገራቸው ወይ ሲለኝ ተው አልኩት። የሰማንያ ስምንት ዓመት ሰው በሠርግ ካርድ ሰበብ ታሪክ አይታረምም። ይልቅ እሳቸው ስለሚወዱት ነገር ጠይቃቸው።

ጠየቃቸው። በሚቀጥለው ሲመጣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል። የጠረጴዛ ልብስ ነው። ነጭ፣ ከርጅና የተነሳ ለስልሶ እንደ ውሃ የሚፈስ። የአያትየው እናት ልጅ ሆና ቤልፋስት በጨርቅ ፋብሪካ ሠርታለች። በ1800ዎቹ መጨረሻ ከተማዋ በዚህ ጨርቅ ዓለም ያወቃት ነበረች። ክሩ የሚፈተለው በሙቅ ውሃ እየራሰ ስለሆነ ወለሉ ሁሌ ውሃ ነው፤ ሴቶቹና ልጆቹ በባዶ እግራቸው ይሠሩ ነበር። በሠርጓ ቀን ጠረጴዛው ይህን ልብስ ለብሶ እንደዋለ ቤታቸው ውስጥ ይወራል። ከአንትሪም ይዘውት የመጡት ዕቃ እሱ ብቻ ነው።

«ከምን ነው የሚሠራው?» አልኩት። ሊነን ነው አለኝ። ሊነኑስ ከምን ይሠራል? ስልኩን አውጥቶ ተክሉን አሳየኝ።

ተልባ ነው።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገርኩም። እኔ ተልባን የማውቀው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በጾም ሲበላና ሲጠጣ ነው። ለሆድ ይበጃል ሲባል ነው። እኛ ፍሬውን እንወስዳለን፤ እነሱ ግን ግንዱን ነው የሚፈልጉት። ተነቅሎ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል ይላሉ። ሲበሰብስ እንጨቱ ከቃጫው ይለያል። ያ ቃጫ ተፈትሎ ይህ ጨርቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ «የተልባ እግር» የሚል አለ። ስሰማው ኖሬ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። የተልባው እግር፣ ግንዱ ማለት ነው። ይሄው ጨርቅ ነው።

አበባውም ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ክረምቱ ወጥቶ አገር ቤት ስንሄድ የተልባ ማሳ አይቻለሁ። ሰማያዊ ነው። አምስት ስስ ቅጠል አለው። ጠዋት ይፈነዳል፤ ከሰዓት በኋላ ይረግፋል፤ በማግስቱ ሌላው ይተካል። ማሳው ሰማይ የወደቀበት ይመስላል።

ወዲያው ወረቀት ላይ በእርሳስ ሣልኩላቸው።

ሙሽሪት ወደደችው። ግን «ይሄ የሱ ወገን ነው፤ የኔስ?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ለአያቷ እህት ደወለች። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከማዮ ወጥተው አያውቁም። «ተልባ እናንተ ጋ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በአያቶቻቸው ጊዜ በየጓሮው ይዘራ እንደነበር፣ የሚዘፈዘፍበት ጉድጓድ የት እንደነበር ጭምር ነገሯት። በአይሪሽ ስሙ ሊን ነው አሉ። ያው ቃል የዓሣ መረብም ማለት ነው።

ስለዚህ ተልባው የሁለቱም ሆነ። በኋላ ሳነብ የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት ምልክትም ስድስት የተልባ አበባ መሆኑን አገኘሁ። ስድስቱ አውራጃዎች ናቸው። ማንንም የማያስቀይም ነገር ሲፈልጉ እነሱም የደረሱት እዚሁ ላይ ነው።

ቀለሙም ከአበባው ጋር መጣ። ጥልቅ ሰማያዊ። የቅዱስ ፓትሪክ ሰማያዊ የሚባል አለ። ከድሮ ጀምሮ ከአየርላንድ ጋር የተያያዘ ቀለም ነው። የፕሬዚዳንቱ ዓርማ ዛሬም በሰማያዊ መደብ ላይ ያለ የወርቅ በገና ነው። አያትየው ሲሰሙ «ሰማያዊ መልካም ነው» አሉ። ከሳቸው ይህ ብዙ ነው።

የቀረው ቃሉ ነው። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን።

ሙሽሪት ካርዱ ራስ ላይ «አናም ካራ» እንዲጻፍ ትፈልግ ነበር። የነፍስ ወዳጅ ማለት ነው። ዛሬ ሰዎች ለፍቅረኛ ይሉታል፤ ቀለበት ላይ ያስቀርጹታል። በጥንቱ የአየርላንድ ገዳማት ግን አናም ካራ ማለት ኃጢአትህን የምትናዘዝለት፣ ነፍስህን የሚመራልህ ሰው ነው። የነፍስ ወዳጅ የሌለው ሰው ራስ እንደሌለው ገላ ነው የሚል የቆየ አባባል አላቸው። ይህን ሳነብ ትርጉም መፈለግ አላስፈለገኝም። የነፍስ አባት ነው! እኛ አባት አልነው፣ እነሱ ወዳጅ አሉት። ለሙሽሪት ስነግራት በጣም ተገረመች። ትንሽ አሰበችና «ባሌ ግን የነፍስ አባቴ አይደለም» አለች። ቃሉን ተወችው።

ቀጥሎ ስሟን በአይሪሽ ለመጻፍ አሰበች። ይሄ ለብቻው ትምህርት ነው። የሷን ስም ስለማልጠቅስ በታወቀው ኦብራየን ልንገራችሁ። ኦ ማለት የልጅ ልጅ፣ ዘር ማለት ነው። ኦብራየን የብራየን ዘር ነው፤ በ1014 ክሎንታርፍ በተደረገው ጦርነት የሞተው ንጉሥ ብራየን ቦሩ። ሴት ልጅ ስትሆን ግን ኦ ቀርቶ ኒ ይሆናል። ከኒ በኋላ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይላላል፤ «ብ» የነበረው «ቭ» ተብሎ ይነበባል። ስታገባና የባሏን ስም ስትይዝ ደግሞ ኒ ይቀርና ኢ ይመጣል። ስለዚህ ጥሪው ላይ የቱ ይጻፍ? ገና አላገባችም፤ ኒ ነው።

ድምፁ መላላቱን የሚጽፉበት መንገድ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ዛሬ ከፊደሉ ቀጥሎ ሌላ ፊደል ይጨምራሉ። በአሮጌው የአይሪሽ ማተሚያ ፊደል ግን ከፊደሉ ራስ ላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር። «ብ» ላይ ነጥብ ስታደርግ «ቭ» ይሆናል። እኛ በ ላይ ሰረዝ አድርገን ቨ እንዳልነው ማለት ነው። በሁለት የዓለም ዳርቻ ያሉ ሰዎች አንድ ዓይነት መላ መምታታቸው ልቤን ነካው። ያን ፊደል መጀመሪያ ያስቀረጸችው ደግሞ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ናት። በ1571 ደብሊን ውስጥ የፕሮቴስታንት ትምህርተ ሃይማኖት ታተመበት። ካቶሊኩ ሕዝብ በኋላ የራሱ አድርጎ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ልጆቹን በትምህርት ቤት አስተማረበት። ሙሽራው ይህን ሲሰማ «ፊደሉም የሁለታችን ነው» አለ።

ስሟን በዚያ ፊደል አሳምሬ ሠራሁት። በነገራችን ላይ ፊደሉ የተወለደው ከጥንት የብራና ጽሕፈታቸው ነው። መጽሐፈ ኬልስ የሚባለው ወንጌል በ800 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በጥጃ ቆዳ ላይ የተጻፈ ነው። ዛሬ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተቀምጧል። ሐረጉን ያየ የኛ ሰው የብራና መጻሕፍታችንን ማስታወሱ አይቀርም።

ሙሽሪት ስሟን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «በጣም ያምራል። ግን በዚህ ስም ማንም ጠርቶኝ አያውቅም» አለች። አወጣነው። እኔ ብዙ ሰዓት ደክሜበት ነበር፤ ሆኖም ትክክለኛው ውሳኔ ይህ መሆኑን ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

«እና ምን ብለው ጠርተውሽ ያውቃሉ? አያትሽ ምን ይሉሽ ነበር?» አልኳት። አሰበች። አያቷ አይሪሽ አይናገሩም ነበር፤ ልጆች ሆነው ባዶ ዓምድ ላይ ከተመዘገቡት ሰው ነው የተወለዱት። ግን በየገናው ከማዕዱ ሲነሱ የሚሏት አንድ ነገር ነበር። ድምፁን እንጂ ቃሉን አታውቀውም። በስልክ ለአያቷ እህት በተሰባበረ አነጋገር አለችላቸው። እሳቸው ወዲያው አቀኑት። «ጎ ሜሪሚድ ቢዮ ኤር አን አም ሾ አሪሽ።» ትርጉሙ ይህን ጊዜ በሕይወት ደግመን እንየው ነው።

እኔ ተረጎምኩላት፤ በአማርኛ። «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።» ቃል በቃል እንኳ ባይሆን የሚባልበት ጊዜ፣ የሚባልበት አፍ፣ የሚባልለት ሰው አንድ ነው።

ለሙሽራው ወገንም እንዲሁ አደረግን። አያትየው አይሪሽ አይወዱም፤ የሳቸው የቤት ቋንቋ አልስተር ስኮትስ ነው፣ ቅድመ አያቶቻቸው ከስኮትላንድ ይዘውት የመጡት። እንግዳ በራቸው ላይ ሲደርስ «ፌር ፋ ዪ» ይላሉ። እንኳን ደህና መጣህ፣ መልካም ይግጠምህ እንደማለት ነው። ከ2022 ጀምሮ በሰሜን አየርላንድ ሁለቱም፣ አይሪሹም አልስተር ስኮትሱም፣ በሕግ ዕውቅና አላቸው። ካርዱ ላይም ሁለቱ ገቡ። ሲከፈት ከላይ የአያትየው ሰላምታ። በመጨረሻው መስመር የአያቷ ምርቃት። መሐሉ ቀንና ቦታውን የሚናገር ተራ እንግሊዝኛ።

የሙከራ ሕትመቱን ፎቶ አንስተን ወደ ማዮ ላክን። በማግስቱ አሮጊቷ አትመውት፣ በእርሳስ ሁለት ቦታ አክብበው መለሱት። የመረጥኩት ፎንት ከአናባቢዎቹ ራስ ላይ ያለውን ጭረት ጥሎታል። ፋዳ ይባላል፤ ድምፁን ያረዝመዋል። እኔ ጌጥ መስሎኝ አላስተዋልኩትም። እሳቸው በስልክ በምሳሌ አስረዱኝ። ካካ ብለህ ከነጭረቱ ከጻፍክ ኬክ ነው። ጭረቱን ከጣልክ ከከ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከሽንት ቤት የማይወጣ ቃል ነው። በሠርግ ካርድ ላይ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ አስበው አሉኝ። እኛ ገና ብለን ጽፈን ሲጠብቅና ሲላላ በዓሉንና «ገና ነው»ን የምንለየው ከአነጋገር ነው። እነሱ ይጽፉታል። ፎንቱን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነገር ቋንቋውን ሲሰማ ያደገ ሰው ሳያየው ማሽን ላይ አይወጣም።

ወረቀቱ ከጥጥ የተሠራ፣ ወፈር ያለ፣ እንደ ወተት ክሬም ያለ ቀለም ያለው ነው። ቀለም አንድ ብቻ ነው፤ ሰማያዊው። ፊት ለፊቱ ላይ አንድ የተልባ ዘለላ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ፊደሉ ተጭኖ እንዲገባ በእጅ ማተሚያው ነው የሠራነው፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ሙሽራው አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ካርድና የሰም ማኅተም ፈልጎ ነበር። ሁለቱንም ተው አልኩት። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፖስታ በአሜሪካ ፖስታ ቤት ማሽን ስለማያልፍ ተጨማሪ ያስከፍላል። ሰሙም መንገድ ላይ ይሰበራል። ገንዘቡ ወረቀቱ ላይ ይዋል።

አድራሻ መጻፉ ቀላል መስሎኝ ነበር። የሙሽራው ዘመዶች የሚኖሩባት አንዲት ከተማ ሁለት ስም አላት። ገሚሱ ዴሪ ይላታል፤ ገሚሱ ለንደንዴሪ። የቱን እንደምትል ሲሰሙህ ከየት ወገን እንደሆንክ ያውቃሉ። ሙሽራው አንዱን ስም መርጦ በሁሉም ላይ ሊጽፍ ነበር። እናቱ ከለከሉት። በየገናው የሚላኩላቸውን ካርዶች ከሣጥን አውጥተው ላኪው ራሱ እንዴት እንደጻፈው አዩ። እያንዳንዱ ፖስታ ላይ ባለቤቱ የሚጠራበት ስም ተጻፈ። ለፖስታ ቤቱ የሚያስፈልገው ኮዱ ነው፤ የቱንም ስም ብትጽፍ ይደርሳል።

ባሕር ማዶ የሚሄዱትን ከሠርጉ ሦስት ወር ቀድመን ላክን፤ እዚህ ላሉት ሁለት ወር በቂ ነበር። የማዮዋ አሮጊት መምጣት አልቻሉም። ካርዱ ሲደርሳቸው ደውለው አንድ ተጨማሪ ጠየቁ። አንዱን ከእህታቸው ፎቶ ጎን ሊያቆሙት፣ ሌላውን ለጎረቤት ሊያሳዩት ነው። አንትሪም ላይ ያደጉት አያት ግን መጡ። ሙሽራው እንደነገረኝ እራት ላይ ካርዱን ከኪሳቸው አውጥተው የላይኛውን መስመር ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት። የታችኛውን ለሙሽሪት ሰጥተው «ያንቺን አንቺ አንብቢው» አሏት።

ከተረፉት አንዷን ካርድ ማተሚያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ። ባለፈው ወር የልጃቸውን ሠርግ ጥሪ ሊያሠሩ የመጡ እናት ቀረብ ብለው አዩዋት። እንግሊዝኛውን አላነበቡትም። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አድርገው፣ በጣታቸው አበባዋን ነክተው፣ «ይቺ የተልባ አበባ አይደለችም እንዴ?» አሉኝ።